አንድ አልጋ ለእግዜር እንግዳ

ዛሬ የምጽፍልህ ስለ አልጋ ነው። አትሳቅ። እስከ መጨረሻው አንብበውና ከዚያ ፍረድ።

ሰሞኑን ጋይንት ሄጄ ነበር። በአካውንቲንግ ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል፤ የክፍት ሥራ ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር ፋይሌን በብብቴ ይዤ መዞር ነው ሥራዬ። ሁኔታውን ታውቀዋለህ፣ አንተም እዚያው ወረፋ ላይ ነህ። ተመዝግቤ ስመለስ የተሳፈርንባት ሚኒባስ ጎማዋ ፈነዳ። ተቀይሮ እስኪነሳ ጀምበር ጠለቀች። ሹፌሩም "ከዚህ ወዲያ አልነዳም፣ ነገ ጠዋት 12 ሰዓት እዚሁ እንገናኝ" ብሎ መንገድ ዳር ካለች አንዲት ከተማ አራገፈን። የከተማዋን ስም አልነግርህም፤ ያደርኩበትን ሞቴል ስምም አልነግርህም። የምጽፈው ማንንም ለማሳጣት አይደለም። እኔን ራሴን ያሳጣኝ ነገር ስላለ ነው።

ኪሴ ውስጥ 1,150 ብር ነበረኝ። ፊቱ በመስታወት የተለበጠ ባለ ፎቅ ሞቴል አየሁና ገባሁ። አልጋ 600 ብር። ከፈልኩ።

እንግዳ የምትመዘግበው ልጅ መታወቂያዬን ስትጽፍ የትምህርት ደረጃዬን አይታ "በምንድን ነው የተመረቅከው?" አለችኝ። ነገርኳት። "እኔ በባዮሎጂ" አለች። ሁለታችንም ሳቅን። ምን እንደሚያስቅ አንተ ታውቃለህ።

ክፍሉ መጥፎ አልነበረም። ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ላይ ሰፊ ቲቪ፣ ሻወሩ ላይ ቀይና ሰማያዊ ምልክት ያለው ቧንቧ። ውሃ ግን አልነበረም፤ በባልዲ አመጡልኝ። ለሱ ግድ የለኝም፣ ውሃ የትም ይጠፋል። የገረመኝ ከአልጋው በላይ የተሰቀለው ትልቅ ፎቶ ነው። በረዶ የለበሰ ተራራ፣ ከሥሩ ሐይቅ፣ ሐይቁ ዳር የእንጨት ቤት። የየት አገር እንደሆነ እንጃ። መስኮቱን ስከፍት ግን የጉና ብርድ ፊቴን ገረፈኝ። ያን የሚያህል ተራራ ውጭ ተገትሮ የሰው አገር ተራራ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል! ብርድ ልብሱም ያው ከሩቅ የመጣ ስስ ነገር ነው፤ በግ በሚረባበት፣ ባና በሚለበስበት ደጋ።

ይሄ ሁሉ ግን ቀላሉ ነው። ወደ ዋናው ልምጣ።

ማታ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ሻይ ልጠጣ ወረድኩ። በሩ ላይ አንድ ልጅ ቆሟል። በእኔ ዕድሜ የሚሆን። ጋቢ ደርቧል፣ በትከሻው አኩፋዳ፣ በእጁ በትር፣ እግሩ ላይ አቧራ የጠገበ የላስቲክ ጫማ። "በእንተ ስማ ለማርያም" አለ ዝግ ባለ ድምፅ። ቀጥሎም "ለቤተ ልሔም የምሄድ ተማሪ ነኝ፤ መሽቶብኝ ነው። የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ ደጃፉ ላይም ቢሆን አሳድሩኝ" አለ።

ልጅቷ መታወቂያ ጠየቀችው። የለውም። ደወለች፤ ኃላፊው መጣ። ክፉ ሰው አይመስልም፣ የደከመው ሰው ነው። "ወንድሜ፣ ያለ መታወቂያ ባሳድር የምጠየቀው እኔ ነኝ። ደግሞ ይሄ ሞቴል ነው እንጂ ደብር አይደለም" አለው። እኔ ጣልቃ ገብቼ "የኔ ክፍል ይደር፣ እኔ ወለሉ ላይ እተኛለሁ" አልኩ። "ሁለት ሰው ከሆነ ሂሳቡ ሌላ ነው፤ መታወቂያውም ያው ነው" አለኝ።

እዚህ ላይ እውነቱን ልንገርህ። ልከራከር እችል ነበር። ልጨምር እችል ነበር። ግን አካውንታንት አይደለሁ? በጭንቅላቴ ሂሳብ ሠራሁ። የቀረኝ 550 ብር፣ ለነገ ትራንስፖርት ይሄን ያህል፣ ለምሳ ይሄን ያህል... ሂሳቡ ሲያልቅ ዝም አልኩ። ልጁም "እግዜር ይስጥልን" ብሎ ዞረ። ምንም አልሰጠነውም እኮ! ግን አመሰገነን።

ከበሩ ሳይወጣ የጥበቃው ሽማግሌ ጠሩት። "ተሜ! ወዴት ነው? ና ግባ።" ከቆርቆሮ የተሠራች የጥበቃ ቤታቸው ሁለት ሰው ቁጭ ብሎ የማትይዝ ናት። አስገቡት። እራታቸውን ከፈሉት። ባናቸውን አለበሱት። እሳቸው ውጭ በርጩማ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው አደሩ። እኔ 600 ብር በከፈልኩበት አልጋ ላይ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሊነጋጋ ሲል ከዚያች ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ዝቅ ያለ ዜማ ሰማሁ። ጠዋት ስወርድ ልጁ ሄዷል፣ በእግሩ። ሽማግሌውን "አባ፣ ብርዱን እንዴት ቻሉት?" አልኳቸው። "ልጄ፣ እኔ ለጥበቃ ተቀጥሬ ማደሬ ላይቀር! እሱ ግን የሚሄድበት አለው" አሉኝ።

የሚሄድበት አለው። ይሄ ቃል ነው እስከ ዛሬ ያላስተኛኝ።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ ያ ልጅ የሚሄድበትን ታውቃላችሁ? ብዙዎቻችን ቤተ ልሔም ሲባል የምናውቀው ጌታ የተወለደበትን ነው። ጋይንት ያለችውን ቤተ ልሔም ግን የዜማ ሊቅ ሁሉ ያውቃታል። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ቅዱስ ያሬድ የደረሰው ድጓ፣ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ የሚዜመው፣ ማስመስከሪያው ቤተ ልሔም ነው። ቅኔ በየደብሩ ልትቀኝ ትችላለህ፤ አቋቋሙን ጎንደር ትዘልቃለህ፤ ድጓ ግን "ቤተ ልሔም ተመስክሬያለሁ" ካልክ ጨርሰሃል። ለአንተ ስለሚገባህ ልተርጉመው፦ ይሄ የመውጫ ፈተና ነው። ልዩነቱ የኛ መውጫ ፈተና ኮምፒዩተር ላይ በጥቂት ሰዓት ያልቃል፤ የነሱ ግን ዓመታት የተሸከሙትን ዜማ በመምህር ፊት ከነምልክቱ ማውጣት ነው።

አሁን አንድ ጥያቄ። ያ ትምህርት ቤት ለመቶዎች ዓመታት ሲያስተምር ዶርም ነበረው? ካፌ ነበረው? በጀት መድቦለት ያውቃል የሚል አለ? የለም። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከትግራይ በእግሩ የመጣ ተማሪ በየመንደሩ "የእግዜር እንግዳ ነኝ" እያለ አድሮ ነው የደረሰው። ከደረሰም በኋላ የበላው የጋይንት ገበሬ ከድስቱ እየቀነሰ በሰጠው ቁራሽ ነው። ስማኝ ወገኔ፣ የአገሪቱ ትልቁ የተማሪ ማደሪያ የገበሬው ጎጆ ነበር። ድጓው እስከ ዛሬ የደረሰው በሊቃውንቱ ጉሮሮ ብቻ አይደለም፤ በር በከፈቱ እናቶችም ጭምር ነው። የእናቶቹን ስም ግን የትም ተጽፎ አታገኘውም።

አንድ ታሪክ ልጨምርልህ። በእ.ኤ.አ. 1955 ቶማስ ፓከንሃም የሚባል ወጣት ከኦክስፎርድ በተመረቀ ሰሞን ወደ ኢትዮጵያ መጣ። ልክ እንደኔና እንዳንተ አዲስ ተመራቂ። በአገራችን ተራሮች ሲዞር ቤተ ልሔም ደረሰ፤ ከውጭ ሲያዩት እንደማንኛውም ክብ የሣር ክዳን ቤተ ክርስቲያን ነው። ወደ ውስጥ ሲገባ ግን በክቡ ቤት ሆድ ውስጥ በድንጋይና በእንጨት የታነጸ፣ ማዕዘን ያለው፣ በሥዕል ያጌጠ የመካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያን አገኘ። መጽሐፍም ጻፈበት፤ በፈረንጅ ዓለም "ተገኘ" ተባለ። ይታይህ! ስንት ትውልድ ሲዘምርበት የኖረ ቤት "ተገኘ"! በሱ አልፈርድም፣ እንደውም ጎበዝ ነው። ተመርቆ ቁጭ አላለም፤ በሰው አገር ተራራ ወጥቶ ወርዶ፣ አይቶ ጻፈ። እኔ የምፈርደው በራሴ ነው። ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ክልል ነው፣ 24 ዓመቴ ነው፣ ቤተ ልሔምን በዓይኔ አላየሁም። አንተስ?

አሁን "ይሄ ልጅ ሞቴል ጠላ፣ ወደ ድሮ እንመለስ ሊለን ነው" ብለህ እንዳትሄድብኝ። አይደለም።

ሞቴል ያስፈልገናል። እህቴ ባለፈው ዓመት ለፈተና ወደ ሌላ ከተማ ስትሄድ እናቴ ሌሊቱን ሙሉ ያልተኛችው "በሩ የሚቆለፍ ይሆን?" እያለች ነው። በድሮው ወግ "የእግዜር እንግዳ ነኝ" ብሎ የሰው ደጅ መቆም ለወንድ ይቀል ነበር፤ ለሴት ልጅ ግን መንገዱ ራሱ ዝግ ነበር። ከውስጥ የሚቆለፍ በር፣ ንጹሕ አንሶላ፣ መብራት፣ የሚጠየቅ ኃላፊ፣ ይሄ ሁሉ ቀላል ነገር አይደለም። እዚያ ብርድ ላይ ገንዘቡን አፍስሶ ፎቅ ያቆመውን ሰው አከብረዋለሁ። ለባዮሎጂዋ ልጅ እንጀራ የሰጣት እሱ ነው። መታወቂያ መጠየቁም ግዴታው ነው።

አልጋና ምግብ መሸጥ ነውር የነበረበት ዘመን ነበር። እቴጌ ጣይቱ አዲስ አበባ ላይ ሆቴላቸውን ሲከፍቱ ሰዉ ሁሉ "እንዴት በገንዘብ ይበላል?" ብሎ ሸሸ፤ ምኒልክ መኳንንቱን ይዘው ገብተው እየበሉ ነው ሰው ያስለመዱት ይባላል። ሆቴሉ መቶ ዓመት ካለፈው በኋላም ፒያሳ ላይ አለ። ስለዚህ መሸጡ ነውር አይደለም። ነውሩ ሌላ ነው፤ የምንሸጠውን ስንማር የምንሰጠውን መርሳታችን ነው።

"ሞቴል" የሚለውን ቃልም እስኪ እንየው። የፈለቀው ከአሜሪካ ነው፤ በእ.ኤ.አ. 1925 ካሊፎርኒያ ውስጥ በሎስ አንጀለስና በሳን ፍራንሲስኮ መካከል ለሚነዱ ሰዎች ማደሪያ ተከፈተ፤ "ሞተር" እና "ሆቴል" የሚሉትን ቃላት አጣብቀው ስም አወጡለት። እንግዲህ ከስሙ ጀምሮ ለባለ መኪና የታሰበ ቤት ነው። ደህና። የኛ መንገድ ግን ሁለት ዓይነት መንገደኛ አለው። አንዱ በደርግ ዘመን ቻይናዎች በሠሩት በወረታ ወልድያ መንገድ በመኪና የሚያልፈው ነው። ሌላው ቻይናም ሞተርም ሳይታሰብ ጀምሮ በእግሩ ድጓ ፍለጋ የሚሄደው ነው። ለመጀመሪያው ፎቅ ሠራን። ለሁለተኛው የቀረችው የጥበቃዋ ቆርቆሮ ብቻ ናት።

እንደ ሂሳብ ባለሙያ ደግሞ ላስላልህ። ያ የከፈልኩት 600 ብር ጋይንት ውስጥ ምን ያህሉ ቀረ? ቲቪው ከውጭ ነው። ሴራሚኩ ከሩቅ ነው። ብርድ ልብሱ ከውጭ ነው። እራት የበላሁት ፓስታ ነው፣ ውሃው በፕላስቲክ ታሽጎ ከሌላ ከተማ የመጣ ነው፣ ሻዩ በክር የታሰረ ከረጢት ነው። ደሞዝና ግብር ቀረ፤ ሌላው ሌሊቱን አድሮ እንደኔው በጠዋት መኪና ሄደ። የጉና ገብስ፣ ድንቹ፣ የእናቶች ጠላ፣ የሸማኔው ባና እዚያው በር ላይ ነበሩ። ማንም ወደ ውስጥ አላስገባቸውም።

ቱሪስቱስ? ከባሕር ዳር ወደ ላሊበላ በመኪና የሚሄድ ሰው በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫ፣ በጋሸና በኩል ነው የሚያልፈው። በደጉ ጊዜ በደጃችን ያልፍ ነበር፤ ምሳ በልቶ፣ ፎቶ አንስቶ፣ ሄደ። "ከዋናው መንገድ ወጣ ስትል ቤተ ልሔም አለች፣ ዛሬ እዚህ እደር፣ ነገ በጠዋት ዜማውን ትሰማለህ" ያለው ሰው አልነበረም። ጦርነቱና አለመረጋጋቱ እንግዳውን አራቀው፤ አንድ ቀን ሰላም ሆኖ ይመለሳል። ያን ጊዜም ምሳ ብቻ ነው የምናበላው?

"ምን እናድርግ፣ ገንዘብ የለን" ትለኛለህ። ከዚሁ መንገድ ላይ ሁለት ምሳሌ ልስጥህ።

አንዱ አውራምባ ነው። ፎገራ ውስጥ ከዓለም በር አጠገብ ያለ የገበሬና የሸማኔ ማኅበረሰብ ነው፤ በእጃቸው ሸምነው፣ ሥራቸውን ተከፋፍለው ይኖራሉ። እንግዳ ሲበዛባቸው የራሳቸውን ማረፊያ ሠሩ። ፎቅ አይደለም። ግን እንግዳው ሲያድር የት እንዳደረ ያውቃል።

ሁለተኛው ከጋይንት አልፈህ መቄት ላይ ነው። ከ20 ዓመት ገደማ በፊት "ተስፋ" በሚባል የማኅበረሰብ ቱሪዝም ሥራ ገበሬዎቹ ገደል አፋፍ ላይ ጎጆ ማረፊያ ቀለሱ። ምግቡን የሚያበስሉት የመንደሩ ሰዎች፣ መንገድ የሚመሩት የመንደሩ ልጆች፣ ሻንጣ የሚሸከመው የመንደሩ አህያ፣ ትርፉም የማኅበረሰቡ። ፈረንጁ ቲቪ ስለሌለ አላኮረፈም። የመጣው ለአፋፉና ለሰዉ ነው።

እንግዲህ ሃሳቤን ልናገር። ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ አንድ አልጋ። ወደ ቤተ ልሔም በሚወስደው መንገድ ያለ ማንኛውም ሞቴል፣ ፔንሲዮን፣ አልጋ ቤት አንድ ማደሪያ ለእግዜር እንግዳ ይተው። ምርጡን አይደለም። ከደረጃው ሥር ያለችውን ጠባብ ክፍል፣ አንድ ፍራሽና አንድ ባና። ባለ 20 ክፍል ሞቴል ስንት ሌሊት ነው ሁሉም ክፍሉ የሚያዘው? ሂሳቡን እኔ በነጻ እሠራለታለሁ፤ አይከስርም። እንደውም "እዚህ ቤት የያሬድ ተማሪ ያድራል" የሚል ጽሑፍ በር ላይ ቢለጥፍ ከዚያ የበረዶ ተራራ ፎቶ የበለጠ እንግዳ ያመጣለታል።

ሁለተኛ፣ መታወቂያ። ኃላፊው ያለ መታወቂያ አላሳድርም ማለቱ ልክ ከሆነ ጥፋቱ የማን ነው? የኛ ነው። ፋይዳ እንዴት እንደሚወጣ እናውቃለን፤ ስልክ አለን፤ ጊዜማ ሞልቶናል! በየጉባኤ ቤቱ ሄደን ተማሪዎቹን እናስመዝግብ። እስከዚያው ከየኔታው ወይም ከሰበካው ማኅተም ያለው ደብዳቤ ይያዙ፤ የሞቴል ባለቤቶችና የከተማው ጽሕፈት ቤት ቁጭ ብለው ደብዳቤው የሚበቃበትን መንገድ ይስማሙ።

ሦስተኛ፣ እኛው። ባዮሎጂ የተማረው የጉናን ወፍና ዕፅ ለእንግዳ ያስረዳ፤ ታሪክ የተማረው ቤተ ልሔምን ያስጎብኝ፤ አካውንቲንግ የተማረው መዝገቡን ይያዝ። ተደራጅ ሲሉህ ሁልጊዜ ብሎኬትና ዶሮ ብቻ አታስብ። አምስት ሆናችሁ ከአንድ ገበሬ ጋር ተዋውላችሁ ሁለት ንጹሕ ጎጆ፣ አንድ ንጹሕ መጸዳጃ፣ የሚቆለፍ በር። ይሄም ሞቴል ነው፤ ያውም የኛ። ቀላል ነው አላልኩህም። መንገዱ ሰላም ካልሆነ ማንም አይመጣም፣ ብድሩም ደጅ ያስጠናል። ግን ሥራ ማስታወቂያ ላይ ወረፋ ከመያዝ አይከብድም፤ እኔ ሁለቱንም ወረፋ አውቀዋለሁ።

ማንነታችንን እንወዳለን እንላለን። ፕሮፋይላችን ላይ የፋሲልን ግንብ እንለጥፋለን፣ የያሬድን ስም እንጠራለን፣ ባህላችን እንግዳ መቀበል ነው ብለን እንፎክራለን። እኔም ከፎካሪዎቹ አንዱ ነኝ። ያን ማታ ግን ያሬድ ራሱ አኩፋዳ ይዞ በር ላይ ቆመ፤ እኔም ሂሳብ ሠርቼ ዝም አልኩ። ባህሉን የያዙት በበርጩማ ላይ ያደሩት ሽማግሌ ናቸው። ፕሮፋይል እንኳ የላቸውም።

ስለዚህ ወገኔ፣ ቀጣይ መንገድ ስትወጣ ሞቴል ስትገባ ስለ ዋይፋዩ ከጠየቅክ በኋላ አንድ ጥያቄ ጨምር፦ "የእግዜር እንግዳ ቢመጣ የት ታሳድራላችሁ?" ብለህ ጠይቅ። መቶ ሰው ከጠየቀ ባለቤቱ ማሰብ ይጀምራል።

እኔ ደግሞ ከፈተናው ውጤት በኋላ፣ አለፍኩም ወደቅሁም፣ ቤተ ልሔም እሄዳለሁ። ያ ልጅ ተመስክሮ ይሆን? ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም። ካገኘሁት አንድ ዕዳ አለብኝ፤ የአንድ ሌሊት አልጋ።

አብሮኝ የሚሄድ አለ?